ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዙር

መብራት በጠፋ ቁጥር ከሕንፃችን ሥር ያለው ፀጉር ቤት ጄኔሬተሩን ያስነሳል። እኔ ኮዬ ፈጬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቁጭ ብዬ የቤንዚኑ ሽታ በመስኮት ሲገባ፣ ያቺ ምስኪን ሞተር ከአቅሟ በላይ ስትጮህ፣ የቀኝ አውራ ጣቴ ይበላኛል። ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ ቆሜ ስነጫነጭ እያዩ «አባባ፣ ምን አስጨነቅዎት፣ የሰው ሞተር ነው» ይሉኛል። የሰው መሆኑን መች አጣሁት? ግን ከሦስት ሺህ ዙር በላይ እየሮጠች መሆኗን ጆሮዬ እየነገረኝ እንዴት ዝም ልበል? ይኸውልህ፣ እኔ በወጣትነቴ የዙር ዳኛ ነበርኩ።

ጊዜው ባቡሩ በአቃቂ ሽቅብ ቁልቁል የሚልበት ጊዜ ነው። በሰቃ በሚባለው ሰፈር፣ ከጣቢያው ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ፓምፕና ወፍጮ እጠግን ነበር። ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጣው አስተማሪዬ ሙያውን ካሳየኝ በኋላ አንድ ዕቃ ሰጠኝ። የፈረንጅ ስሙ ታኮሜትር ነው፤ እኛ ዙር መለኪያ እንለው ነበር። የኪስ ሰዓት ይመስላል፤ ፊቱ ላይ ቀስት፣ አፍንጫው ላይ ጎማ አለው። ጎማውን በሚሽከረከረው ዘንግ መሃል ላይ በአውራ ጣትህ ተጭነህ ትደግነዋለህ፣ ቀስቱ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግርሃል። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ግን ጎማው ይንሸራተትና ቁጥሩ ይበላሻል።

ከወንዙ ዳር ስድስት አትክልተኞች ነበሩ። አንዲት የቤንዚን ፓምፕ በጋራ ገዝተው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን በቀን ተካፈሏት። ሰዓት ያለው ሰው ስላልነበረ ተራው የሚለካው በባቡር ነው፤ የጠዋቱ ባቡር ሲያፏጭ ሞተሯ ትነሳለች፣ የከሰዓቱ ሲያፏጭ ትጠፋለች። ባቡሩ የዘገየለት ሰው ስለቱ ሰመረ፤ በሰዓቱ የደረሰበት ደግሞ የባቡሩን ነጂ እስከ ሰባት ትውልድ ይረግማል። እንግዲህ ባቡሩን ማዘግየት ስለማይችሉ ሁሉም ሞተሯን ማጣደፍ ጀመሩ። የነዳጅ መስጫዋን እጀታ እስከ ጥግ እየገፉ በአንድ በጋ ሁለት ጊዜ አቃጠሏት።

ሁለቱንም ጊዜ የጠገንኳት እኔ ስለሆንኩ ተሰብስበው ጠሩኝ። ከሦስት ሺህ ዙር በላይ ያስኬደ ሰው የሚቀጥለው ተራው እንዲዘለል ወሰኑ፤ ዳኛውም ዕቃው በእጁ ያለው እኔ ሆንኩ። ሰው እንዳይበደል ብለውም ቁጥሩ ካለፈ ሦስት ጊዜ እንዲለካ ሕግ አወጡ። ባለ ሽንኩርቷ ሴትዮ ዕቃውን አገላብጣ አይታ «እስቲ ባሌም ላይ ደግንልኝ፤ እሱ በዓመት አንዴ ይዞር እንደሆነ እንወቀው» አለችኝ። ባልየው አጠገቧ ቁጭ ብሎ ነበር፤ እሱም ሳቀ።

ዳኝነቱ ደስ ይል ነበር። ከሐሙስ በስተቀር። ሐሙስ የባለ ቆስጣው ተራ ነው፤ ባለ ቆስጣው ደግሞ ሴት ልጅ ነበረችው። ውሃው እየተንኳለለ ሲመጣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ዶማዋን ይዛ፣ ከመደብ መደብ እየዘለለች ቦዩን ስትከፍትና ስትዘጋ አየኋት፣ አለቀልኝ። ከሌሎቹ ጋር ቁጭ ብዬ ወሬ ስሰልቅ የምውል ሰው፣ ሐሙስ ሐሙስ አንዴ ደግኜ፣ ቁጥሩን ተናግሬ፣ መሮጥ ሆነ ሥራዬ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበራ። አንድ ቃል ሳልነግራት አንድ ዓመት አለፈ። በመጨረሻ እንደ ወግ ማዕረጉ ሽማግሌ ለመላክ ቆረጥኩ፤ ቀኑም ለአንድ እሁድ ተቆረጠ።

ከዚያ እሁድ በፊት ያለችው ሐሙስ መጣች። ወሩ የካቲት ነው፣ ሁዳዴ ገብቷል፣ ቆስጣ ሳሪስ አቦ ገበያ ላይ የሚፈለግበት ሰዓት ነው። ገና ድልድዩ ላይ ስደርስ ሞተሯ ስትጮህ ሰማሁ። ሌሎቹም ሰምተዋል፤ ሥራቸውን ጥለው ከኋላዬ ተከተሉኝ። ባለ ቆስጣው ከማሳው ጫፍ ውሃ ሲመራ ቆይቶ ሱሪውን እንደጠቀለለ መጣ። ልጅቷ ከሞተሯ አጠገብ ቆማ ታየኛለች። ጎማውን ደገንኩ። ቀስቱ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ላይ ቆመ።

ፍረድ እንግዲህ። እውነቱን ብናገር የሰውዬው ቆስጣ በሁዳዴ ይደርቃል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎቼ ደጁ ይቆማሉ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና «ሦስት ሺህ» አልኩ።

«ስንት?» አለ ባለ ቆስጣው።

«ሦስት ሺህ ነው፣ ጋሼ። ልክ ነው።»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ከባለ ሽንኩርቷ እኩል?»

ሴትዮዋ ትናንት ሦስት ሺህ ነበር የወጣላት፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ የቆዩ ባላንጣዎች ናቸው። «እኔ ዛሬ ካንዴላዋን፣ ያቺን እሳት መጫሪያዋን፣ በገዛ እጄ ፈትቼ፣ በቤንዚን አጥቤ ነው የመለስኳት። እጀታዋንም አንተ ካደረግህባት ምልክት አላሳለፍኩም። ይህቺ ሞተር ከተገዛች እንዲህ ሠርታ አታውቅም። ደህና አድርገህ ለካ» አለኝ።

ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ ይቅርብዎት፣ ተራዎ ይዘለላል» አልኩት በሹክሹክታ። «ለካ አልኩህ» አለ፣ ወንዙ ማዶ በሚሰማ ድምፅ። ለካሁ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ያው ሆነ። «ሦስት ሺህ ስድስት መቶ» ስል ሰውዬው ወደ ባለ ሽንኩርቷ ዞሮ «ሰማሽ?» አላት። ተራው መዘለሉ ሲነገረው እንኳ ፈገግታው አልጠፋም። ልጅቷ ፈጠን ብላ ሞተሯን አጠፋች። እኔ ዳኛ ተብዬው እጀታዋ የት ጋ እንደነበረች እንኳ አላየሁም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ እኔ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን በላሁ። በሰው ፊት ዋሽቼው፣ መልሼም ቀጥቼው፣ የትኛውን ይቅር ይለኛል? ሲመለሱ ትልቁ ሽማግሌ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። ባለ ቆስጣው መጀመሪያ ስለ ሦስት ሺህ ስድስት መቶው በሰፊው አወራቸው። ቀጥሎ «ልጁ ጨዋ ነው፤ ዓይኑ ትንሽ ደከም ያለ ነው እንጂ። መነጽር ይግዛና ይውሰዳት» አላቸው።

ገዛሁ። ዓይኔ ደህና ነው፤ ግን የሠርጌ ዕለት በመነጽር ነው የታየሁት። ከዚያም ወዲያ ለዓመታት አማቴ ቤት ስሄድ በሩ ላይ ስደርስ ከኪሴ አወጣና አደርገው ነበር። የምር ዓይኔ ደክሞ መስሎት ይሁን፣ ውሸቴን በሰው ፊት ሊሸፍንልኝ ብሎ ይሁን፣ አንድም ቀን አልነገረኝም። ቆስጣው ግን ያን ሁዳዴ ደረቀ። ልጅቷ ከወንዝ በባልዲ እያመላለሰች ግማሹን ብቻ አተረፈችው፤ እኔ ታታሪነቷ መስሎኝ ይበልጥ ወደድኳት።

አማቴ ሸምግሎ፣ ባቡሩም ቀርቶ፣ አንድ ክረምት ላይ አረፈ። ለቅሶው ላይ ከስድስቱ የቀሩት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ባለ ሽንኩርቷ አርጅታለች፤ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች «ያን ጊዜ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ያስመዘገበ እሱ ብቻ ነው፤ እንደሱ ያለ እጅ የለም» አለች። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሚስቴ ከአጠገቤ ትንቀጠቀጥ ጀመር። እያለቀሰች መስሎኝ ትከሻዋን ያዝኩ። ስትስቅ ነው። ሳቋ መልሶ ልቅሶ ሆነና ጆሮዬ ላይ ተጠግታ «ያን ቀን የሞተሯን እጀታ የገፋሁት እኔ ነበርኩ» አለችኝ።

«ለምን?»

«አንዴ ለክተህ ትሮጥ ነበራ። ሦስት ጊዜ ስትለካ ትንሽ ትቆያለህ ብዬ ነው።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ለአባቴ ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል… እሱ ደግሞ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወራው ደስታው። እንዴት ብዬ ልንጠቀው?»

ባለ ሽንኩርቷ ከወዲያ ማዶ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ካንዴላውን አንድ ሰዓት ሙሉ ነበር ያጠበው አለች» አልኳት።