የታደለች ቀይ ጨርቅ

«ታደለች አረፈች» ሲሉኝ ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። ስም የተምታታባቸው መስሎኝ ነበር። ያንኑ ደገሙልኝ።

ለማታውቋት፦ ሚዛን ተፈሪ ኬሚስትሪ ያስተማርኳት፣ በኋላም በአካባቢያችን ባለ አንድ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ ሆና ስንቱን ያተረፈች ልጅ ናት።

ባለቤቴን በሳንባ ምች አጣድፈን ያስገባናት ዕለት አይረሳኝም። ወጣቱ ሐኪም የመተንፈሻ ቱቦ ሊያስገባ ሲቸኩል ታደለች ክንዱን ያዘችው።

«ቆይ ዶክተር። መጀመሪያ ትተንፍስ፤ ቱቦው ይደርሳል።»

የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጋ የኦክስጅኑን ጭምብል በሁለት እጇ ገጥማ ያዘች። ደቂቃዎቹ አላልቅ አሉኝ። ወደ እኔ ዞራ፣ «ቲቸር፣ ቱቦው እስኪገባ ትንፋሿ ይቆማል። ለዚያች መንገድ ስንቅ እያስያዝኳት ነው» አለችኝ።

ባለቤቴ ይኸው አጠገቤ ተቀምጣ ታለቅስላታለች።

የሆስፒታሉ የኦክስጅን ሲሊንደሮች መለኪያ ከተሰበረ ቆይቷል። ስለዚህ ታደለች በባዶው ሲሊንደር አንገት ላይ ቀይ ጨርቅ ታስር ነበር። «ከእርስዎ ላቦራቶሪ የሰረቅኩት ዘዴ ነው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ባዶ ጠርሙስ ላይ ምልክት ያላሰረ ተማሪ ከክፍሌ አይወጣም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታሉ እንግዳ ሊቀበል ሲሊንደሮቹ ቀለም ተቀቡ። ብዙ እንዲመስሉ ባዶውም ሙሉውም አንድ ላይ ተደረደረ። ጨርቁ «አያምርም» ተብሎ ተፈታ። እሷ ታማ ቴፒ እናቷ ቤት ተኝታ ነበር። እኔ ግን ከተጋበዙት ሽማግሌዎች አንዱ ነበርኩ።

«ቀዩ ጨርቅስ?» ብል አንዱ ባልደረባዋ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ እንኳ ፈተና አይስጡን!» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

እንግዳው ሄደ። ጨርቁን መልሶ ያሰረ የለም።

ትናንት ሕመሟ ጠንቶ ወደ ገዛ የሥራ ክፍሏ አመጧት። የሆነውን አብራት የነበረች ነርስ ነገረችኝ። ሲሊንደሩን ከፈቱ፤ ባዶ። ሁለተኛውንም ከፈቱ፤ ባዶ። «ጊዜ የለም» ብለው ያለ ኦክስጅን ቱቦውን ጀመሩ፤ ሳይገባ አለፈች። ራሷ ያሠለጠነቻቸው ልጆች! ሙሉው እዚያው ረድፍ ላይ፣ ሦስተኛው ነበር።

«ቀኗ ደርሶ ነው» ልትሉኝ የምትመጡ፣ ተዉኝ።

ታደለች ልጄ፣ በክፍሌ መልስ ያላገኘ ጥያቄ አልፌ አላውቅም ነበር። ያን ቀን አለፍኩ። ከቀብርሽ መልስ ቀይ ጨርቅ ይዤ እሄዳለሁ፤ እያንዳንዱን ሲሊንደር ሳላስከፍት አልወጣም። ለአንቺ ግን አልደረሰም።

ደህና ሁኚ። ስንቱን ስንቅ ያስያዝሽ ልጅ፣ ባዶሽን ሰደድንሽ።