የሰኞ ጠረጋ

ደሴ ውስጥ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤቴ በታች ያለው ቁልቁለት መንገድ ሰኞ ሰኞም ንጹህ ነበር። ወደ ፒያሳ የሚሄድ ባጃጅ ለመያዝ በየጠዋቱ ስለምወርድበት አውቃለሁ። ያን ሰሞን የቀበሌው ሴፍቲኔት የሰፈሩን ሴቶች በቡድን አደራጅቶ መንገድ ያስጠርግ፣ ቦይ ያስከፍት ነበር። እርዳታው የሚሰጠው ለሚሠራ ሰው ነው። ጠዋት ስም ሲጠራ የተገኘ ይከፈለዋል፤ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል።

ከቤቴ በታች ያለው ቁራጭ የአንዲት ጎረቤቴ ድርሻ ነው። ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ጋዜጠኛ መሆኔን ታውቃለችና፣ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ መጥረጊያዋ ጫማዬ ላይ ሲደርስ፣ "ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱ፤ ዜናው እዚህ የለም" ትለኛለች።

አንድ ሰኞ ለእንግዳ ክፍሌ መከዳ ልገዛ ሰኞ ገበያ ሄድኩ። ከመከዳ ክምር ጀርባ እሷን አየኋት። ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ ተጣብቋል። ፈገግ ልትል ጀመረችና ፊቷ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አላዩኝም።"

"መከዳ ልገዛ ነው የመጣሁት።"

"እሱንማ ይግዙ። እኔን ግን አላዩኝም።"

መከዳዬን ስመርጥ ነገሩን አጫወተችኝ። ድሮ በአንድ የእህል መጋዘን ጆንያ ትሰፋ ስለነበር እጇ መርፌ ያውቃል። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተረፈ ጥጥ የሚሸጡ ሰዎች ኮምቦልቻ አሉ፤ ከእነሱ ትገዛለች። ከጠረጋ መልስ ትሰፋለች። ገዢ የሚገኘው ግን ሰኞ ነው፤ ስለዚህ ሰኞ ጠረጋ ትቀራለች። ለምን እንደምትቀር ብትናገር፣ "ነጋዴ ሆነሽ የለ" ተብላ ከዝርዝሩ እንዳትወጣ ትፈራለች። ዝም ካለችም በመቅረቷ መሰረዟ ነው። መከዳው ደግሞ ገና ብቻውን ልጆቿን አያበላም።

መከዳውን ተሸክሜ ስመለስ በዚያው መንገድ ወጣሁ። የእሷ ቁራጭ ተጠርጓል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የቀበሌው አስተባባሪ የሰፈሩን ሰው ሰበሰበች። ገና በሠላሳዎቹ ያለች፣ ቢሮዋ ከመቀመጥ ይልቅ በእግሯ መዞር የምትወድ ሴት ናት። የተሰበሰብነው ቅሬያችን፣ ሌላው አገር እድር የሚለው ማኅበራችን፣ ድንኳኑንና ትልልቅ ድስቶቹን በሚያኖርበት ዕቃ ቤት ነበር። የቅሬው ዳኛ አባቶቻቸው ከየመን የመጡ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሀጂ እንላቸዋለን። ጎረቤቴ ከቡድኗ ሴቶች ጋር ከድንኳኑ ምሰሶዎች አጠገብ ተቀምጣለች።

አስተባባሪዋ መዝገቡን ገለጠች። "መዝገቡ ይህች እህታችን ሰኞ ሰኞ አልነበረችም ይላል። ስም የሚጠራው ካቦ አልዋሸም፤ አጣርቻለሁ። ሰኞ ራሴ ሄጄ ሳይ ግን መንገዷ ተጠርጓል። እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ።"

ሀጂ ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ።

"ጋዜጠኛ እዚህ ተቀምጦ አይደል እንዴ? የሰው አገር ወሬ ከሚያወራልን የሰፈሩን ይንገረን እንጂ!"

ሰው ሳቀ። ጎረቤቴ አልሳቀችም። ግማሹን ብናገር እንደምትሰረዝ፣ ዝም ብልም እንደማይጠቅማት ገብቶኛል። ተነሳሁ።

"ሰኞ ገበያ አይቻታለሁ። መከዳ ትሸጥ ነበር፤ አንድ ገዝቻለሁ። የዚያኑ ቀን ስመለስ መንገዷ ተጠርጎ ነበር። ማን እንደጠረገው አላየሁም።"

"መከዳዬን ይመልሱ!" አለች ጎረቤቴ።

ይኼኔ ከቡድኑ በዕድሜ ትልቋ ሴት እጇን ሳታወጣ ተናገረች።

"እኛ ነን የጠረግነው። ተካፍለን። እሷ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ የእኛን ትጠርጋለች። በቅሬው መቃብር መቆፈር ተራው የደረሰ ሰው መንገድ ቢሄድ ጎረቤቱ ይቆፍርለት የለም? ሲመለስ ይተካል። ምን አጠፋን?"

"ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?"

"የአንቺ መዝገብ ሰው ነው የሚጠራው ልጄ፤ መንገዱን አይጠራም።"

"ወላሂ እውነቷን ነው" አሉ ሀጂ። "ቅሬ ጉድጓዱ ተቆፈረ ወይ ነው የሚለው።"

በሥራዬ ብዙ ኃላፊ ፊት ተቀምጫለሁ። እንዲህ ባለ ሰዓት አብዛኛው መመሪያ ያነባል። አስተባባሪዋ መዝገቡን ዘጋችና ወደ ጎረቤቴ ዞረች።

"መከዳው ያኖርሻል?"

"ገና ነው። ዝናብ ሲጥል ገበያው ይበተናል። ጥጥ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ።"

"እስኪያኖርሽስ?"

"እስኪያኖረኝ መጥረጊያዬን አልለቅም።"

አስተባባሪዋ ትንሽ አሰበች። "እኛ እነዚህን ሴቶች ሥራ ያስወጣናቸው ሠርተው ራሳቸውን እንዲችሉ ነው" አለች፤ ለእኛም ለራሷም የምትናገር ይመስል ነበር። "አንዷ መቻል ስትጀምር ከቀጣናት፣ የቀሩት ወይ አይጀምሩም ወይ ይደብቁናል። እስከ ዛሬ ያስተማርናቸው መደበቅ ነው።"

ከዚያ ከዛሬ ጀምሮ የሚታየው መንገዱ እንደሆነ ነገረችን። ለቡድኑ የተሰጠው ሁሉ በየቀኑ ከተጠረገ፣ ማን በማን ፈንታ እንደወጣ ሴቶቹ ይስማሙበት። የራሷን ሥራ የጀመረችም ሳትፈራ ትንገራት፤ ሥራው እግር እስኪያወጣ አትሰረዝም።

"የበላይ አካልስ?" አለ አንዱ ከኋላ።

"እጽፍላቸዋለሁ። እስኪመልሱ የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

ብዕሯን አውጥታ ቃለ ጉባኤው ላይ ጻፈች። ከትከሻዋ በላይ አየሁት። "ተወስኗል" አይልም። "ወስኛለሁ" ይላል፣ ከሥሩ ስሟና ፊርማዋ። በኖርኩበት ሙያ ይህን ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ለደብዳቤዋ መልስ መምጣቱን ሁለት ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ "አልመጣም፤ መንገዱ ግን ይጠረጋል" ብላኛለች።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቴ ጥጧን በግላጭ ታመጣ ጀመር። አንድ ቀን ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አገኘኋት። የኮምቦልቻ ሙቀት ገና ከላያችን አልወረደም፤ እሷ ትልቅ ጆንያ ጥጥ አቅፋ ተቀምጣለች። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ቦታ ጠበበኝ ብሎ ያጉረመርማል።

"አቀበቱ ሲጀምር ይደገፉበት አባቴ" አለችው። "ደሴ ሲደርሱ ካልተኙ ይውቀሱኝ።"

ደሴ ስንደርስ ሰውዬው ጥጡ ላይ ተኝቶ ነበር።

በዓመቱ ገደማ ጎረቤቴ ራሷ ወደ አስተባባሪዋ ሄዳ ከዝርዝሩ እንድትወጣ ጠየቀች። ይህን የነገረችኝ አስተባባሪዋ ናት። "እኔ ውጪ አላልኳትም" አለችኝ፤ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። "ቦታዬን ለሌላ ስጪው ብላ መጣች።"

በሳምንቱ ሐሙስ ጠዋት ወደ ባጃጁ ስወርድ መንገዱ ላይ መጥረጊያ ሰማሁ። ጎረቤቴ ናት። የጠራጊዎቹን ሰደርያ አልለበሰችም፤ ሻሿ ላይ ግን ጥጥ አለ።

"ወጥተሽ የለም እንዴ?"

"ከመዝገቡ ወጥቻለሁ። ያልመለስኳቸው ሐሙሶች ግን ይቀሩኛል።"

"ማን ቆጠራቸው?"

"ማንም አልቆጠረም። ስንት ሰኞ እንደጠረጉልኝ እኔ አውቃለሁ።" ቀና ሳትል መጥረጊያዋን ወደ ጫማዬ አስጠጋች። "እግርዎን ያንሱ ጋሼ።"

አነሳሁ።