ያለ እሳት የጨሰው ብስባሽ

በደብረ ኤልያስ ዙሪያ የግብርና ባለሙያ ሆኜ ስድስት ዓመት ስለ ብስባሽ አስተማርሁ። ገበሬው በትሕትና ያዳምጠኛል፣ ያጨበጭብልኛል፤ ቤቱ ሲገባ ያው የዳፕና የዩሪያ ማዳበሪያውን ይጠብቃል። እናቴም ከፊት ተቀምጣ ከሚያጨበጭቡት አንዷ ነበረች።

እልህ ያዘኝ። የደብራችንን አለቃ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለችውን ጠፍ መሬት ለመንኋቸው። ድንች ተክዬ ነዳያን አበላለሁ አልሁ፤ እውነቱን ለመናገር፣ የፈለግሁት ትክክል መሆኔን ማሳየት ነበር።

«እበት ቅጥር ግቢ አይገባም» አሉኝ። «ቦታውም ለመቃብር የታሰበ ነው። ዘንድሮ ድንቹ ካልያዘ ለሙታኑ እንመልሳለን።»

ሙታኑ አይቸኩሉም፤ እኔ ቸኮልሁ። ቅጠል፣ አመድና የማኅበር ድግስ አተላ ከመርሁ። ዝናብ እንዳያጥበው አለቃው ከዕቃ ቤት መስቀል የተጠለፈበት ያረጀ መጋረጃ ሰጡኝ። እሱን ማልበሴ ነው ጉዴን ያፈላው። ብስባሽ ሲብላላ ይሞቃል፤ በብርድ ጠዋት እንፋሎት ያወጣል። አስቀዳሾች መስቀል ያለበት መጋረጃ የለበሰ አፈር ያለ እሳት ሲጨስ አዩ። እኔም ባላውቅ እሳለመው ነበር።

በሳምንቱ ክምሩ ጎደለ። ሰው የተቀደሰ አፈር፣ «እምነት» ነው እያለ ለወገቡም ለራስ ምታቱም እየዘገነ ይወስደዋል፤ መጀመሪያ በጭብጥ፣ ኋላ በከረጢት። ከሮብ ገበያ ከተማ ድረስ ተሳፍሮ የመጣ ነበር። «ብስባሽ ነው፤ አተላ ነው» እያልሁ ለፈፍሁ። አንዲት ሴት በሐዘኔታ አይታኝ፣ «እርስዎም ትንሽ ይቀቡ» አለችኝ። ለአለቃው አቤት ብል ሰዉን አልከለከሉልኝም፤ ሕዝቡ ቅዳሴ ሳይጀመር መድረስ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነበር።

የተረፈኝ ብስባሽ ለአንድ መደብ እንኳ አልበቃም። ድንቹ ሽምብራ አክሎ ወጣ። አለቃው አንዱን በሁለት ጣት አንስተው አዩና «ነፍስ ይማር» አሉ። መሬቷም ለሙታኑ ተመለሰች።

ተናድጄ እናቴ ቤት ሄድሁ። አጥር ጥግ ያለው ጌሾዋ ከጣሪያው አልፏል። የጎረቤቶቹም ጎመን እንደዚያው ተንዠርግጓል።

«እማ፣ ምን አድርገሽለት ነው?»

«ያን እምነት ጉልበቴን ቀባሁበት። የተረፈው መንገድ ላይ አይጣል ነገር፣ እግር የማይረግጠው ቦታ ብዬ ጌሾው ሥር ደፋሁት። ጎረቤቱም እንዲሁ ነው ያደረገ።»

«እሱ እኮ ብስባሽ ነው።»

ጌሾውን አየች፣ ከዚያ እኔን።

«እንዲህ የሚያደርግ ከሆነማ» አለች፣ «ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሰብስበህ ስታወራ ምነው ይህን ሳትነግረን ቀረህ?»