ከፍየሏ የቀደመው ጥላ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ከዘመድ አልነበረም። ጉርድ ሾላ ገና ሜዳ በነበረበት ዘመን እናቴ እህል አሸክማ ወፍጮ ቤት ትልከኝ ነበር፤ ተራችን እስኪደርስ የሚያጫውቱን አባባ ጉታ የሚባሉ የወፍጮ ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ሲመሽ ከበሩ ጥግ እሳት ያነዳሉ፣ ኩራዙን ከቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ፤ እኛም ዱቄት ፀጉራችን ላይ አርፎ የሸበትን መስለን፣ ጭሱ ዐይናችንን እየለበለበው እንከባቸዋለን።

አባባ ጉታ ተረቱ ከዋናው ቦታ ሲደርስ ዝም ይሉ ነበር። በጉጠት አንድ ፍም ያነሱና እፍ እያሉ ያቀሉታል፤ ፍሙ እስኪቀላ ማንም አፉን አይከፍትም። ቀድሞ የተናገረ ልጅ ከእሳቱ ዳር ተነስቶ ውጭ ይቆማል።

አንድ ምሽት የነብሩን ተረት ጀመሩልን። ነብሩ ዛፍ ላይ አድፍጧል፤ ጊዜው ጧት ነው፤ ፀሐይ ከፍየሏ ጀርባ ናት፤ ፍየሏ ወደ ዛፉ ስትመጣ፣ ስትመጣ... እዚህ ላይ ፍሙን አነሱ። እኔ ያኔ ፊደል የቆጠርኩ፣ ከሁሉም ዐዋቂ ነኝ የምል ልጅ ስለነበርኩ መጠበቅ አቃተኝና «ዘሎ በላታ!» አልኩ። አባባ ጉታ ፍሙን ወደ ቦታው መለሱት።

«በይ ውጪ፣ ግልገሏ ነብር» አሉኝ።

ልጆቹ ሳቁብኝ። ብርድ ላይ ቆሜ፣ ጆሮዬን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቄ ቀሪውን ሰማሁ። ለካ ከፍየሏ ቀድሞ ከዛፉ ሥር የደረሰው ጥላዋ ኖሯል፤ ነብሩም ቸኩሎ የዘለለው ጥላዋ ላይ ነው። አፉን አፈር ሞልቶት ቀና ሲል ፍየሏ ሸሽታለች።

ይህን ተረት ለብዙ ዘመን ረስቼው ነበር። በወጣትነቴ ለትምህርት ከተላኩ የሀገራችን ልጆች ጋር ሞግዚት ሆኜ ኩባ ሄድኩ። ልጆቹ ሲመለሱ እኔ እዚያው ቀረሁ፤ መጽሐፍ ሳነብና ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ የሰፈሩ ጎረምሶች የተወረወረ ኳስ በዱላ የሚመታበትን ቤዝቦል ሲጫወቱ ስመለከት አረጀሁ። የተመለስኩት የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ካለቁ በኋላ ነው። ያረፍኩት ሰሚት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ የወንድሜ ልጅ ቤት ነው። ጉልበቴ ደረጃውን እምቢ ካለኝ ወዲህ መሬት አልረገጥኩም። የወንድሜ ልጅ ጧት ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፋል፤ «ለእርስዎ ብዬ ነው» ይላል። ስለ እስር ቤት ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ በትሕትና የሚቆለፍ ግን አላጋጠመኝም።

ልጁ ሳሮን ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በትምህርት ቤቷ ቤዝቦል ትጫወታለች፤ ዱላዋ ግን ሁልጊዜ ኳሷን ይቀድማታል። ቅዳሜ አሠልጣኙ ቡድኑን ሊመርጥ ነው። ካልተመረጠች ከክፍል በቀጥታ ቤት እየገባች እኔን እንድትጠብቅ አባቷ ወስኗል።

«ከዚያ እኔም እንደርስዎ ልቆለፍ ነው» አለችኝ።

አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። የሰው ድምፅ ናፍቆኝ ነበር። በመጥረጊያ እንጨት ሳሎን ውስጥ ስትለማመድ ሁለት ቀን ሙሉ ስሕተቷን እያየሁ ዝም አልኩ። ሐሙስ ማምሻውን እንጨቱን ወርውራ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ስትል ግን አላስቻለኝም። ካልሲ አስመጣሁና ጠቅልዬ ከወንበሬ ላይ እወረውርላት ጀመር። ክንዴ ገና ሲንቀሳቀስ አየሩን ትመታለች።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ ስሎው ነዎት።»

የነብሩን ተረት ነገርኳት። ፍየሏ ስትመጣ፣ ስትመጣ... ብዬ ዝም ስል «በላታ፣ ኦኬ፣ ይወርውሩ» አለችኝ። በረንዳ ላይ እንድትቆም አዘዝኳት። እየሳቀች ወጣች። መስታወቱን ዘጋሁባትና ቀሪውን በመስታወቱ በኩል ነገርኳት፤ ለመስማት ጆሮዋን ስታጣብቅ ያንን ቆርቆሮ አየሁት።

ስትገባ «የወርዋሪው ክንድ ጥላ ነው» አልኳት። «ፍየሏ ኳሷ ናት። ክንዱ ሲነሳ እግርሽን ብቻ አዘጋጂ፤ ከእጁ ስትወጣ እስክታዪያት ዱላሽ ይቆይ።»

አባባ ጉታ ፍሙን እንደሚያቆዩት ካልሲውን ወደ ላይ ይዤ አቆየሁት። ሳተች፤ ደግማ ሳተች። ሲጨላልም አንዱ ካልሲ መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ ጣለው።

ቅዳሜ ደረጃውን ስትሮጥ ከታች ጀምሮ ሰማኋት። «ጠበቅኳት፣ እማማ» አለች ገና በሩን ከፍታ። መመረጧን ከዚያ በኋላ ነው የነገረችኝ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ማንም አልመጣም። ማክሰኞም እንዲሁ።

ማምሻውን በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። ሳሮን ከልምምድ የምትመለሰው ፀሐይ ከጀርባዋ ስትሆን ነው፤ ከሕንፃው ጥግ መጀመሪያ ብቅ የሚለው ረጅም ጥላዋ ነው። ባየሁት ቁጥር ጉልበቴ ይቀድመኛል፤ እነሳለሁ፤ ከዚያ መልሼ እቀመጣለሁ። አራት ፎቅ ነው። ቁልፉ ሲዞር እስክሰማ ዳግም አልነሳም።