ጎመን የማይበላው ነጭ ቢራቢሮ

ዛሬ ጠዋት የጋሽ አላምረው ንቦች ከቀፏቸው ሥር ሞተው ተከምረው ተገኙ። አንዳንዶቹ ገና ይንፈራገጡ ነበር።

ያስጨረስኳቸው እኔ ነኝ።

ትናንት ረፋድ ላይ ጎረቤታቸው እትዬ የሺ ፎቶ ላኩልኝ። እንጅባራ ዳር ያለውን የጎመን ዘር ማሳቸውን ነጭ ቢራቢሮ ወሮታል። ደውለውም "መምህር፣ ይኼ ነገር ጎመኔን ሊጨርስብኝ ነው?" አሉኝ።

በጨረፍታ አየሁትና "አዎ፣ የጎመን ቢራቢሮ ነው። ትሉ ሳይፈለፈል ፀረ ተባይ ይርጩበት" አልኳቸው። ይህን ያህል ዘመን ባዮሎጂ ያስተማረ ሰው ሁለቴ አያይማ!

አምነውኝ በቀትር ረጩ። ማሳው አብቦ ስለነበር ንቦቹ አበባው ላይ ነበሩ።

ዛሬ ከማሳው አንድ የሞተ ቢራቢሮ አንስቼ ክንፉን ገለበጥኩት። ከሥሩ ቡናማ መስመር እንደ ደም ሥር ተዘርግቶበታል። የጎመኑ ቢራቢሮ ይህ የለውም። ይኼኛው እንቁላሉን የሚጥለው ጉመሮ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ ነው፤ ጎመን አይነካም። ማሳው ላይ ያረፈው አበባውን ሊቀስም ብቻ ነበር።

ከጋሽ አላምረው መደበቅ አልቻልኩም። ክንፉን እያሳየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ክንፉን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው አዩትና "ትናንት መጥተህ ብትገለብጠው ምን ነበረበት?" አሉኝ።

ከቤቴ እዚያ ድረስ በእግር ሩብ ሰዓት ነው። አራቱም ቀፎ ጭጭ ብሏል።

እናንተስ፣ "አውቀዋለሁ" ብላችሁ በችኮላ በተናገራችሁት ሌላ ሰው ተጎድቶ ያውቃል? ከዚያ በኋላ ሰውየውን በምን ዓይን አያችሁት? እባካችሁ ጻፉልኝ።