ስምንት ነው ወይስ አምስት?

ጭጋግ ዲላን በዋጠበት ጠዋት፣ ቡናዬን ከከተማው አጠገብ ጪጩ ላለ ነጋዴ አስረክቤ ስመለስ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥበት ሱቅ ገብቼ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ አንዲት የማላውቃት ልጅ አጠገቤ ቆመች።

«አባባ፣ የአይሁድን እምነት መማር ለሚጀምሩ አንድ አዛውንት መጽሐፍ ይምረጡልኝ።»

«ኦሪትን ስጪያቸው። ስምንት መጻሕፍት ናቸው።»

«እኛ አይሁዶች ኦሪት የምንለው አምስቱን ብቻ ነው።»

አይሁድ በዲላ! ሕልም መሰለኝ። «ኢያሱን፣ መሳፍንትን፣ ሩትን የት ጣላችኋቸው?»

«አልጣልናቸውም፤ ሌላ ክፍል ውስጥ ናቸው» ብላ ሳቀች። ወደ በሩ ሰረቅ አድርጋ አየች። «ለጀማሪ የትኛው ይቅደም?»

«ሩት። አራት ምዕራፍ ብቻ ናት። ከባዕድ ወገን የመጣች ምራት ታሪክ ነው።»

መጽሐፉን ከመደርደሪያ አውርዳ ጭኔ ላይ አኖረችው።

«እንግዲያው ይጀምሩ አባባ። ልጅዎ ሊያገባኝ ነው፤ ሊነግርዎ ፈርቶ ውጭ ቆሟል።»