አንዴ ብቻ የተለካ ትከሻ

ሃረገወይን ተክለብርሃን ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ልብስ ትሰፋለች። ልብስ ሰፊ በሰፈሩ ሞልቷል። ወደ እሷ የሚመጡት ግን ሌላው ሰፊ የሚሸሻቸው ናቸው፤ ጀርባው የጎበጠ፣ አንድ እግሯ ያጠረ፣ ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣ፣ ክንዱ የተቆረጠ። ሌላው ሰፊ የገበያ ልክ ቆርጦ የተረፈውን ያጥፋል። እሷ ለእያንዳንዱ ሰውነት የራሱን ፓተርን ታወጣለች፤ ጨርቁ የሚቆረጥበትን ቅርጽ ማለት ነው።

ሙያውን ያገኘችው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ጃኬት በሚሰፋበት ፋብሪካ ነው። እዚያ ፓተርን በወረቀት አይከማችም። ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል፣ ሲፈለግ ይታተማል፣ ከተቆረጠበት በኋላ ወረቀቱ ይጣላል። ከፋብሪካው ስትወጣ ይህን ልማድ ይዛ ወጣች። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተሩ፣ እሷና አብራት የምትሰፋው ወይንሸት። የወረቀት ቦታ የለም። ስለዚህ የሰዎቹ ሁሉ ቅርጽ አንድ ትልቅ ፋይል ውስጥ ነበር፤ አዲስ ሰው ሲመጣ እዚያው ላይ ትጨምራለች።

ጠንቃቃ ሴት ናት። ኮምፒውተር እንደሚሞት ታውቃለች። ገና ስትገዛው ከጎኑ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ አብራ ገዛች፤ ሻጩም በየሳምንቱ ራሱ የሚገለብጥ ፕሮግራም ጫነላት። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲያልቅ ትሰካዋለች። ሰማያዊው መስመር ይሞላል፣ «ተጠናቋል፤ ስህተት፦ 0» ይላል፣ ነቅላ በጨርቅ ትጠቀልለዋለች። አንድም ቅዳሜ አልዘለለችም።

ሐጎስ የመጣው አምና ኅዳር ላይ ነው። የመቀሌ ልጅ ነው። ግራ ክንዱ ከነትከሻው የለም፤ ለሕክምና አዲስ አበባ ሲመጣ ሰው ጠቁሞት ነው እሷ ጋ የደረሰው። ወይንሸትን ወደ ውጭ ላከች፣ በሩን ዘጋች፣ ሐጎስ ሸሚዙን አውልቆ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ጠዋት የጀመሩት ሥራ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየ። አቡጀዲ እላዩ ላይ ቆርጣ፣ በስፒል ወግታ፣ ፈትታ፣ እንደገና ወጋች። ጠባሳው ላይ እጇ ሲያርፍ ግንባሩን ግድግዳው ላይ ያስደግፍ ነበር። አንድ ጊዜም አልዞረም።

ሲለብስ፣ «ሓፍተይ፣ ከእንግዲህ ማንም አይለካኝም» አላት። የሚያወሩት በትግርኛ ነው፤ «እህቴ» ማለቱ ነው። «ሐኪሙም በቃኝ፣ ሰፊውም በቃኝ።»

«አንዴ ነው» አለችው። «ከዛሬ በኋላ አንተ መቀሌ፣ እኔ እዚህ። ጨርቁን መርጠህ ትደውልልኛለህ፣ ሰፍቼ ከላምበረት መናኸሪያ በሚነሣው አውቶቡስ እልክልሃለሁ። ሁለተኛ አትቆምም።»

አቡጀዲውን ፈታ ቅርጹን ኮምፒውተር ውስጥ አስገባች። ጨርቁን ለሌላ ሰው ሙከራ ተጠቀመችበት።

ዘንድሮ በጾሙ መጀመሪያ፣ የመጀመሪያውን ልብስ ሊያዝዝ ደወለላት። ሊያገባ ነው፤ ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ። ጥቁር ሰማያዊ ኮት ፈለገ። እልል አለችለት። ጨርቅና ገበር ገዛች፣ ጨርቁን በውሃ ነክራ አደረቀች፣ ተኮሰች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ፓተርኑን ልታትም ኮምፒውተሩን ስትከፍት ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማች። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

ያኔ አልደነገጠችም። ኮምፒውተሩን በፌስታል አንጠልጥላ፣ በጨርቅ የተጠቀለለውን ሃርድ ዲስክ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ አስፋልቱን ተሻግራ ኑሪ ጋ ሄደች። ኑሪ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ የሰፈሩን ማሽን ሁሉ ያውቃል። ወይንሸትም ተከተለች።

ኑሪ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «ይሄ ሞቷል፣ ሃረጉ።»

«ይሙት። ባክአፕ አለኝ።»

«እንዳንቺ ዓይነት ደንበኛ ይብዛልኝ! ሌላው እኮ ሁሉ ነገር ከጠፋ በኋላ ነው ‹ባክአፕ ምንድነው?› ብሎ የሚመጣው።»

አዲስ ዲስክ ገጠመ፣ ፕሮግራሞቹን ጫነ። የሷን ሃርድ ዲስክ ሲሰካው አልታየም። ሃረገወይን ከወንበሩ ተነሣች። ኑሪ ሌላ ቀዳዳ ሞከረ፤ የለም። ኬብሉን ቀየረ፤ መብራቱ በራ፣ ዲስኩ ታየ።

«ኬብል ነው! ነፍሴን ልታወጣት ነበር» አለች ወይንሸት። «በል ቶሎ በል፣ ሙሽራው ራቁቱን እንዳይቀር።»

ፋይሉ አለ። ስሙ ልክ ነው። ተከፈተ። ሃረገወይን ዝርዝሩን ወደ ታች ጎተተች። የመጀመሪያዎቹ ደንበኞቿ ነበሩ፤ የምታውቃቸው ጀርባዎች፣ የምታውቃቸው ዳሌዎች። ከዚያ አለቀ። ወደ ላይ ተመለሰች፣ እንደገና ወደ ታች ጎተተች። በስም ፈለገች። ሐጎስ የለም።

«ሌላ ፋይል ይኖራል» አለች።

ኑሪ ዲስኩን በሙሉ ፈተሸ። ሌላ የለም። «ይሄ ፋይል የተገለበጠው በፈረንጅ 2023 ፌብሩዋሪ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነካም።»

«በየቅዳሜው እገለብጣለሁኮ! ስህተት ዜሮ ነው የሚለው። ባለፈው ሳምንት ያነሣኋቸው ፎቶዎች ይኸው እዚያው አሉ አይደል?»

«አሉ። እኔም እሱ ነው ያልገባኝ።» ዓይኑ ወደ ስክሪኑ ጥግ ሄደ። «የማሽንሽ የሰዓት ባትሪ ደግሞ አልቋል መሰለኝ። ሰዓቱ ተዛብቷል፣ ዓመቱን 2018 ይላል።»

«ባትሪው ደህና ነው። እኔ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«ምኑን?»

«ቀኑን። በኛ አደረግኩት።»

ኑሪ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ የካቲት ላይ፣ አንዲት ተመራቂ የምርቃት ልብስ አዘዘቻት። ሃረገወይን ቀኑን ከኮምፒውተሩ ጥግ አይታ ለወይንሸት «በ17 ይድረስ» አለቻት። የፈረንጁን ማለቷ ነበር። ወይንሸት የካቲት 17ን ጠበቀች። ልብሱ የደረሰው ልጅቱ ተመርቃ ሳምንት ካለፋት በኋላ ነው። እናቷ መጥታ በር ላይ ጮኸችባቸው። የዚያኑ ቀን ሃረገወይን የኮምፒውተሩን ቀን፣ ወርና ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞላችው፤ ሰዓቱንም ጭምር። ኢንተርኔት ስለማታገናኘው ራሱ መልሶ አያስተካክለውም። ጥቅምት ለሱ ሁለተኛ ወር ናትና በሃያ ስምንት ሊጨርሳት ይፈልጋል፤ ጳጉሜንን ጭራሽ አያውቃትም። እሷ ግን በየወሩ መባቻ በእጇ ታስተካክለው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ አልተዛነፈባትም።

«ሃረጉ፣» አለ ኑሪ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ፕሮግራም ሁለቱን ቀኖች ነው የሚያወዳድረው። ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው ፋይል ዲስኩ ላይ ካለው አዲስ ከሆነ ይገለብጠዋል። የቆየ ከሆነ ያልፈዋል። ዲስኩ ላይ ያለው 2023 ይላል። አንቺ ከዚያ በኋላ የሠራሽበት 2015፣ 2016፣ 2017 ይላል። ለሱ ያንቺ አዲሱ ሥራ ሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ ነው።»

«ፎቶዎቹስ?»

«እነሱ ዲስኩ ላይ አልነበሩም፣ የሚያወዳድረው ነገር የለውም። ገለበጣቸው። ይሄኛው ግን ያው ስም፣ ያው ቦታ። በየቅዳሜው አይቶ ‹ይሄማ አሮጌ ነው› እያለ አለፈው። መዝለሉን ደግሞ ስህተት አይለውም።»

«የሞተውን ዲስክ ክፈተው» አለች ሃረገወይን።

«እኔ አልችልም፤ አቧራ ይገባበታል። የሚችል ጓደኛ አለኝ።»

የሞተውን ዲስክ ይዞ ሄደ። በማግስቱ ሱቋ ድረስ መጣ። ዲስኩ ውስጥ ባለው፣ እንደ መስታወት በሚያበራው ሳህን ላይ፣ በምስማር እንደተፋቀ ያለ ክብ ጭረት ነበረበት። ኑሪ በስልኩ አንሥቶት ነበር፤ ሊያሳያት ስልኩን ዘረጋ። አየችው። «ፋይሉ የነበረው እዚህ ላይ ነው፤ ተፍቋል። በቃ እንግዲህ» አለና ሄደ።

ሁለት ቀን በቃሏ ልትሥለው ሞከረች። ወረቀት ዘረጋች፣ የአንገቱን መስመር ሣለች፣ የቀኙን ትከሻ ሣለች። የግራው ላይ ስትደርስ እርሳሱ ይቆማል። ጠባሳው የት ጋ እንደሚጀምር ታስታውሳለች፤ ስንት እንደሚገባ ግን አታውቅም። የዚያን ቀን ቁጥሩን ለማሽን ሰጥታ ከራሷ አውጥታዋለች፤ ሙያው እንዲህ ነው ያስተማራት። ወይንሸት አቡጀዲ ቆርጣ እላይዋ ላይ ብትሞክርላትም ሁለት ትከሻ ያላት ሴት የሐጎስን አካል መተካት አልቻለችም። ሁለተኛውን ቀን ከሰዓት ወረቀቱን ጨምድዳ ጣለችና ስልኳን አነሣች።

ሁሉንም ነገረችው፤ ቀኑን፣ ዲስኩን፣ ጭረቱን።

«በዛሬው አውቶቡስ ልነሣ» አለች። «እኔው ልምጣ። መለካቱ ግማሽ ቀን ነው። በሩን እንዘጋለን።»

«አይሆንም።»

«እኔ ነኝኮ የምለካህ፣ ሌላ ሰው አይደለም።»

«ያኔ የቆምኩት አንቺ ስለሆንሽ አልነበረም፤ አንዴ ነው ስላልሽኝ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ጨርቅ ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«አታልቅሺ በይ» አለ ሐጎስ፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ የባሰባትም እሱ ነው። «ሙሽራ ካባ ይደርባል አይደል? ካባው ይሸፍነዋል። ማንም አያይም።»

ስልኩን ዘጋ።

«ምን አለሽ?» አለች ወይንሸት።

«ካባው ይሸፍነዋል አለ።»

«እሰይ! ታዲያ መላ ተገኘ ማለት ነው።»

ሃረገወይን ግን ሰው እንዳይሸፋፈን ብላ ነበር ይህን ሥራ የጀመረችው። ጥቁር ሰማያዊውን ጨርቅ አጣጥፋ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ የስልኳን የስም ዝርዝር ከፍታ፣ ከሦስት ዓመት ወዲህ በሩን ዘግታ የለካቻቸውን፣ ቅርጻቸው እንደጠፋ ልትነግራቸው፣ አንድ በአንድ መፈለግ ጀመረች። የመጀመሪያዋ ኣብርሀት ነበረች፤ ጡቷ በቀዶ ሕክምና የወጣባት፣ ያን ዕለት ስትለካ ዓይኗን ጨፍና የነበረችው። ደወለችላት፤ ስልኩ ሁለት ጊዜ ጮኸና ተነሣ።

«ወዬ ሃረጉ! ምነው፣ ቀሚሴ ደረሰ እንዴ?»